ብረቱ ዝም ባለበት

አብራሪ በጦርነት ላይ ሲጠፋ ስለ አሟሟቱ ሰው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። የፈረንሳዊውን ደራሲና አብራሪ የአንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪን ነገር ስመረምር ይህንኑ አየሁ።

ይህ ሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ጁላይ 31 ቀን 1944 ዓ.ም.፥ በ44 ዓመቱ፥ ከኮርሲካ ደሴት ብቻውን ተነሣ። አይሮፕላኑ ፒ-38 የተባለው ባለሁለት ሞተር ተዋጊ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ወጥቶ በምትኩ ጀርመኖች የያዙትን አገር የሚያነሣ ካሜራ ተገጥሞበታል። በዚያው ቀረ።

ገሚሱ ተመትቶ ወደቀ፥ ገሚሱም ሞትን ራሱ ፈለገ አለ። በ1998 አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማርሴይ ባሕር ስሙ የተቀረጸበትን የእጅ ሰንሰለት አወጣ። በ2003 የአይሮፕላኑ ስብርባሪ ወጣ፤ በ2004 በብረቱ ላይ የተገኘው 2734 የሚል ቁጥር የእርሱ መሆኑን አረጋገጠ። የጥይት ምልክት ግን አልታየበትም። በ2008 ደግሞ በጦርነቱ የጀርመን ተዋጊ አብራሪ የነበረ አንድ ሽማግሌ የጣልሁት እኔ ነኝ አለ፤ ቃሉን የሚያጸና ማስረጃ ግን አልተገኘም።

እንግዲህ ቁጥሩ የመሰከረው የት እንደ ወደቀ ነው እንጂ ለምን እንደ ወደቀ አይደለም። ራሱን ገደለ ብንል መልስ መስጠት የማይችለውን ሙት እንከሳለን፤ ሽማግሌው ገደለው ብንል ያለ ምስክር እንፈርዳለን። ስለዚህ ታሪክ የምትመረምር ወንድሜ ሆይ፥ ብረቱ በተናገረበት ተናገር፤ ብረቱ ዝም ባለበት አንተም ዝም በል። ለሙታን ይህም ክብር ነው።