ከቤቱ በፊት ደጁ፦ በጎጃም ደጋ የሕንፃና የአደባባይ አነዳደፍ ታሪካዊ ምልከታ

አንድ አርክቴክት የሕንፃ ሥራ ሲሰጠው በመጀመሪያ የሚቀበለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የቦታው ፕላን፥ ሁለተኛውም የሚፈለጉት ክፍሎች ዝርዝር ነው። ከዚህም የተነሣ የንድፍ ሥራ ማለት የክፍሎቹን ዝርዝር በቦታው ፕላን ላይ በጥበብ መደልደል ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ከሕንፃው ውጭ የሚቀረው መሬትም እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ለመኪና ማቆሚያና ለአጥር ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው፥ ባጠቃላይም በጎጃም ደጋ፥ የቀድሞ ሰዎች ሥራቸውን ከዚህ በተለየ አኳኋን ይጀምሩ እንደነበር ማሳየት ነው። እነርሱ ከቤቱ በፊት ደጁን ያስቡ ነበር። ይህን ማንሣታችን ጥንቱን ለማወደስ ሳይሆን፥ ዛሬ በየቢሯችን ጠረጴዛ ላይ ለተዘረጋው ወረቀት የሚጠቅም ትምህርት ለማግኘት ነው።

«ከተማ» የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር የንጉሥ ወይም የመኳንንት ሠራዊት የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ሰፈሩም እንዲሁ በዘፈቀደ አይተከልም። ፊታውራሪ በፊት፥ ቀኛዝማች በቀኝ፥ ግራዝማች በግራ የየራሳቸው ስፍራ ነበራቸው፤ ደጃዝማችም ስሙ እንደሚናገረው የደጁ አዝማች ነው። እንግዲህ የማዕረግ ስሞቻችን በመሠረቱ የቦታ ስሞች ናቸው ለማለት ይቻላል። በወረቀት የተነደፈ ፕላን ባይኖርም፥ ማን ከየት እንደሚገባ፥ የት እንደሚቆምና በማን ፊት እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቅ ነበር። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ መንቆረርን ሲቆረቁሩም ይዘውት የመጡት ልማድ ይኸው ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳም ደጋ ነው፤ የመንቆረርን ስምም ከዚሁ ብርድ ጋር የሚያያይዙት አሉ።

ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው ከነገሡ በኋላ ሰፈሩ እየረጋ ሄደ። ንጉሡ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ መንቆረርም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ልብ ሊባል የሚገባው ከተማው ስሙን የወሰደው ከቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ከደብሩ መሆኑ ነው። ደብሩ፥ ቤተ መንግሥቱና ገበያው የከተማው ሦስት ምሰሶዎች ሲሆኑ፥ ሦስቱን የሚያገናኘው ደግሞ ሰው የሚመላለስበትና የሚሰበሰብበት ገላጣ መሬት ነበር። ያ መሬት አደባባይ ይባላል። በአደባባይ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ይነገራል፤ ችሎት ተሰይሞ ሙግት ይሰማል፤ የተበደለ «አቤት» ይላል። አደባባይ ማለት ነገር ከጓዳ ወጥቶ በሕዝብ ፊት የሚታይበት ስፍራ ነው። ዛሬም «አደባባይ ወጣ» ስንል የተደበቀ ነገር ተገለጠ ማለታችን ነው።

ይህን ስንል ግን የድሮው ደጅ ለሁሉ የተመቸ ነበር ማለታችን አይደለም። ደጅ መጥናት ለባላገሩ ብዙ ወራት የሚፈጅ፥ ስንቅ የሚያስጨርስና ክብርን የሚነካ ነገር ነበር። ደጁ የማዕረግ መለያም ነበር፤ ማን ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅና ማን ከውጭ እንደሚቀር በእርሱ ይታወቅ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ፍትሕ ቢጎድለውም፥ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ግን አልዘነጋም። ከእርሱ የምንማረውም አጥሮ ማስቀረቱን ሳይሆን የሚጠብቀውን ሰው አለመዘንጋቱን ነው።

የዚህ አስተሳሰብ የተሻለ ምሳሌ የሚገኘው በደብሩ ቅጽር ውስጥ ነው። የጎጃምን ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚያጠና ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ቅኔ ማሕሌቱን፥ ቅድስቱንና መቅደሱን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደ ሕንፃው የሚሄድ ምእመን አስቀድሞ ብዙ ስፍራ ያልፋል። በሩቁ የጥዱንና የወይራውን ጥላ ያያል፤ በደጀ ሰላሙ ይገባል፤ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ትምህርት ይሰማል። ወደ ውስጥ ለመግባት ራሱን ያልበቃ አድርጎ የቆጠረ ሰው እንኳ ከግድግዳው ውጭ፥ ከዛፉ ሥር ወይም ከክፈፉ በታች ቆሞ ያስቀድሳል። በሌላ አነጋገር ሕንፃው ውጭ ለቀረውም ሰው ቦታ አለው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ትንሿን ጎጆውን በደብሩ ዙሪያ ቀልሶ፥ ቅኔውን ግን በዛፍ ጥላ ሥር ይቆጥር ነበር። ለጥምቀት ታቦታቱ የሚወርዱበት ሜዳም እንዲሁ በዓመት ለጥቂት ቀናት ሲባል ሳይታረስና ሳይታጠር ይጠበቅ ነበር።

አንዳንዶቻችን ከዚህ ቅርስ የወሰድነው ቅርጹን ብቻ ነው። ክብ አዳራሽ፥ ሾጣጣ ጣራ፥ በአናቱም ጉልላት የሚመስል ነገር ከተደረገ ሕንፃው ኢትዮጵያዊ የሆነ ይመስለናል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈረንሣዊው አርክቴክት የሄንሪ ሾሜት ሥራ የሆነው የንግድ ባንክ ክብ አዳራሽ የተዋጣለት ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ኩረጃ ግን እምብዛም አልቀናውም። ለመሆኑ ክብነት ብቻውን ቁም ነገሩ አለመሆኑን ጎጃም ራሷ ትመሰክራለች። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእነብሴ ያሠራቻት መርጡለ ማርያም ከተጠረበ ድንጋይ የታነጸች ባለ አራት ማዕዘን ነበረች፤ ፍራሿ ላይ የቀረው የአበባ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ ያስደንቃል። የሕንፃው መልክ እንደየዘመኑና እንደየባለእጁ ይለዋወጣል፤ ወደ ሕንፃው የመድረስ ሥርዓት ግን በአራት ማዕዘኑም በክቡም ዘንድ ሊጠበቅ ይችላል።

ዘመናዊው የሙያ ሥልጠና በአገራችን ሥር የያዘው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ተቋም በ1947 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻም በስዊድን እርዳታና በሕዝቡ መዋጮ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት ንድፍ መሠራት ጀመሩ። ገንዘብና ባለሙያ ባነሰበት አገር ይህ አስተዋይ አካሄድ ነበር፤ ሕፃናትንም ከዛፍ ጥላ ወደ ክፍል አስገብቷል። ዳሩ ግን አንድ ዓይነት ንድፍ ክፍሉን ይሰጣል እንጂ ደጁን አይሰጥም። ደጅ የሚገኘው ከቦታው ነው። በዚያው ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረችው ባሕር ዳር በጀርመናዊው ማክስ ጉተር ማስተር ፕላን ሲዘጋጅላት፥ ርእሰ ከተማው ደብረ ማርቆስ ግን የሰው እግር በቀደደው መንገድ ላይ ያደገ ከተማ ነበር። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ በፕላን ለተሠራው ከተማ ስፋት፥ በእግር ለተሠራው ደግሞ ትዝታ አለው።

ከዚያ ወዲህ የደረሰውን ለውጥ ከቃላችን መረዳት ይቻላል። ዛሬ በየከተማው «አደባባይ» ስንል ብዙውን ጊዜ ማለታችን መኪና የሚዞርበትን ክብ ነው፤ በመካከሉ ሐውልት ወይም አበባ አለ፥ ሰው ግን አይደርስበትም። ችሎቱ፥ አዋጁና አቤቱታው ወደየቢሮው ገብተዋል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን አብሮ አልገባም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ ደጋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ከነደፉት ባለሙያዎች አንዱ ነበርሁ። ቦታውን ያየነው በጥር ወር፥ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ በሐምሌ ስመለስ ባለጉዳዩ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ፥ የክርክር ወረቀቱን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፥ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ዝናብ ሲወርድበት አገኘሁት። የሚጠለሉበት ክፈፍ አላደረግንላቸውም። ከአጥሩ ጥግ በባሕር ዛፍና በአሮጌ ቆርቆሮ የቆመች አንዲት ዳስ ነበረች፤ አቅመ ደካሞች በእርስዋ ሥር ተጨናንቀው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ሕንፃውን የሠራነው እኛ መሆናችንን ሲሰሙ፥ «ቤቱስ ደኅና ነው፥ ልጄ፤ ደጅ የለውም እንጂ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከአንድም የሙያ ጉባኤ እንዲህ ያለ ግልጽ ግምገማ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ የአርክቴክት ቢሮ በዚህ አገር ሥራውን እንዴት ይጀምር? አንደኛ፥ ቦታውን በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም፥ በአዘቦት ብቻ ሳይሆን በገበያም ቀን ይየው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከጣራ የሚወርደውን ውኃ በቦይ አርቆ ያልወሰደ ንድፍ መሠረቱንም ደጁንም ያጣል። ሁለተኛ፥ ከግድግዳው በፊት ሰው የሚመጣበትን መንገድ ይንደፍ፤ ባላገሩ ከየት እንደሚመጣ፥ አህያውን የት እንደሚያስር፥ የት እንደሚያርፍ ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ ደጁን በክፍሎቹ ዝርዝር ውስጥ በስሙና በስፋቱ ያስገባው፤ በሥራው ዋጋ ዝርዝርም የራሱ ቁጥር ይኑረው። ዋጋ ያልተጻፈለት ነገር ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«የከተማ መሬት በሊዝ በሚገዛበት ዘመን ለሚጠብቅ ሰው መሬት የሚተው ማነው?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የሊዝ አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ከወጣ፥ በ2004 ዓ.ም.ም እንደገና ከተሻሻለ ወዲህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ያለው መሆኑ እውነት ነው። አሠሪው የሚከፍለው ለወለል እንጂ ለገላጣ መሬት አይደለም፤ ይህንንም አርክቴክቱ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። ይሁን እንጂ በሰፊው የወጣ ክፈፍ፥ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ፥ ያልተቆረጠ ዛፍ ብዙ መሬት አይጠይቁም። የሚጠይቁት አስቀድሞ መታሰብን ነው።

የጎጃም ደጋ ያስተማረን ይህ ነው። ሕንፃ የሚጀምረው ከበሩ አይደለም፤ በሩን ከሚጠብቀው ሰው ነው። ለዚያ ሰው የሚሆን ስፍራ በሥዕላችን ላይ እስኪታይ ድረስ ሥራው አልተጀመረምና፥ የሙያ ባልደረቦቼ ቀጣዩን ወረቀት ሲዘረጉ የመጀመሪያውን መስመር ከደጁ እንዲያሰምሩ አደራ እላለሁ።