ከጥር 13 እስከ ጥር 23

በ2005 ዓ.ም. የጥር ወር እንጅባራ ሁለት ወሬ ይዛ ነበር፤ አንዱ የፈረስ፣ ሌላው የኳስ።

የፈረሱ ወሬ በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ዕለት ስለሆነ፣ ከባንጃው፣ ከፋግታው፣ ከዳንግላው፣ ከአንከሻው ፈረሰኛው ግላስ ያለበሰውን ፈረሱን እየጋለበ ይመጣል። ማኅበሩ ዕድሜውን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጥራል፤ መታሰቢያነቱም ለዐድዋ ዘማቾችና አብረዋቸው ለዘመቱት ፈረሶች ነው። የኳሱ ወሬ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር። ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ ያየ ሰው በኛ ሰፈር ቢፈለግ ፀጉሩ የሸበተ መሆን ነበረበት።

እኔ ለጥምቀት ወደ እንጅባራ መጥቼ አጎቴ ቤት ሰንብቻለሁ። አጎቴ የማኅበሩ አባል ናቸው። ኳስ ሲባል ልጆች ከብት ጥለው የሚሮጡበት ነገር መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቁም። ያን ሰሞን ግን ሬዲዮው ሁሉ ስለ ዋልያዎቹ ሲያወራ ሰምተው፣

«ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው ሳትጋልቡ የቆያችሁት?» አሉኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አያ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በረት የከረመ ፈረስ ቢወጣ ይደነብራል» ብለው ወደ ኮርቻቸው ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ንግግራቸውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ የውድድር ዘመን ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ ከአጎቴ ቃል እምብዛም የራቀ አላገኘሁም።

በረቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ከጀመሩት ሦስት አገሮች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ግብፅና ሱዳን ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። በ1968 ዓ.ም. ራሷ አዘጋጅታ ኡጋንዳን ብታሸንፍም በጊኒ ተሸንፋ፣ ከግብፅ ጋር አቻ ወጥታ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በናይጄሪያና በዛምቢያ ተሸነፈች፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየች። አንድ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

በሩ የተከፈተው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 ካሸነፈችን በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 ረታናት፤ ድምሩ አምስት ለአምስት ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች አለፍን። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ ምድባችን የዋንጫዋ ባለቤት ዛምቢያ፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ሆኑ። ዛምቢያና ናይጄሪያ! እነዚያው የ1974ቱ። ታሪክ አንዳንዴ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን ሆነ። ልክ ዋንጫውን የበላንበት ቀን፣ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ። አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ሆነን ከአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተፋፍገን ቆምን። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፤ የዛምቢያው በረኛ አዳነበት። ጥቂት ቆይቶ የኛው በረኛ ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ባደረሰው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ዛምቢያ አገባች። ያኔ ግማሹ ሰው ነጠላውን ማስተካከል፣ የወጣ የገባውን መጠየቅ ጀመረ። በሁለተኛው አጋማሽ ግን በዐሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባነው የመጀመሪያ ጎል ይህ ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የተጠበቀ ጎል። የሻይ ቤቱ ባለቤት የተሰበሩትን ብርጭቆዎች አልቆጠረም።

ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ይህን ግጥሚያ በውጤቱ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ዋናውን ነገር ይስተዋል። ውጤቱ 1 ለ 0 ሳለ የቡርኪና በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር። ማለትም የቀሩት ሦስት ጎሎች የተቆጠሩብን በዐሥር ሰው ነው። በዛምቢያው ግጥሚያ እኛ ዐሥር ሆነን አገባን፤ በዚህኛው እነሱ ዐሥር ሆነው ገቡብን። ሲያንሱ መበርታት፣ ሲበዙ መዘናጋት… ይህን በጨዋታ ስልት ብቻ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ብዙዎቹ ልጆች በአገር ውስጥ ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩና፣ እንዲህ ባለው መድረክ ብልጫን ይዞ መምራትን የሚማሩበት አጋጣሚ አላገኙም ይሆናል።

ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያ መጣች። እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆየን። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በመጨረሻም በረኛው ሲሳይ ባንጫ ራሱን ሞሰስን ጥሎ በቀይ ካርድ ተሰናበተ፤ ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሞሰስ ሁለተኛውንም መታ፤ ገባ። አንድ ነጥብ ይዘን ተመለስን። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ለፍጻሜ ደርሰው ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ የምድባችንን ክብደት ያወቅነው ያኔ ነው።

ሁለት ቀን አልፎ ጥር 23 ሆነ። ሜዳው በፈረስ ተሞላ። የአጎቴ ፈረስ ያን ዓመት እግሩን አሞት ያነክስ ስለ ነበር እርሳቸው በእግራቸው ቆመው ተመልካች ሆኑ። አርባ ዓመት ጋልበው ዛሬ ከልጆች መሐል መቆም ምን እንደሚመስል ፊታቸውን አይቼ አልጠየቅኋቸውም። የጉግሱ አሯሯጭ ዘንጉን ሲሰነዝር፣ ሯጩም ጋሻውን ወደ ጀርባው ሲያዞር በዓይናቸው እየተከተሉ፣ ድንገት ዘወር ብለው፣

«ያ በረኛ ሳይሆን በሩ ላይ የቆመው ልጅ ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«አዲስ ህንጻ።»

«ገባበት አይደል?»

«ገባበት፣ አያ።»

«ይግባበት። ቆሟል» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ዓመቱ በዚህ አላበቃም፤ እንዲያውም የሚያንገበግበው ክፍል ገና ነበር። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ይኸው ቡድን ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ረታ። አስቀድሞ ለአገሩ ያገባው በርናርድ ፓርከር የኋላ ኋላ በገዛ መረቡ ላይ አስቆጠረና ድሉ የኛ ሆነ። ያን እሑድ ዳንግላ ነበርኩ። ባጃጆች ጡሩምባቸውን እየነፉ ከተማዋን ዞሯት፤ አለፍን ተባለ።

በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ነበረበት በቦትስዋናው ግጥሚያ መሰለፍ አልነበረበትም፤ ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ድሉ ተሠርዞ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ዳኛ የሚረግሙ ወዳጆቼ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዚያ ዘመን ትልቁ ሽንፈት ይህ ነው። የናይጄሪያ ጉልበት አላሸነፈንም ልል አልችልም፤ ሁለት ካርድ መቁጠር ግን ጉልበት አይጠይቅም። ዐሥራ አንድ ልጆች ላባቸውን ያፈሰሱበትን አንድ ወረቀት አጠፋው።

ደግነቱ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው በ13 ነጥብ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። ከአፍሪካ ዐሥሩ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። ዕጣውም ወጣ፤ ናይጄሪያ!

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ መስመሩን አለፈ አላለፈም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ዳኛው አላለፈም አለ። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ከቀኝ የላከው ኳስ ተንሳፍፎ መረብ ውስጥ ገባ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ብራዚል ነበርን። ከዚያ ኢማኑኤል ኤመኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ሞሰስ አሁንም በፍጹም ቅጣት ምት፣ ኦቢና ደግሞ ዘግይቶ አገቡና 2 ለ 0 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ግጥሚያ ናይጄሪያ ስድስት ጎል አገባችብን፤ አራቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ይህን ቁጥር ዳኛ ላይ የሚያላክክ አለ፤ እኔ ግን በራሳችን ክልል ውስጥ ስንጨነቅ እግራችንም እጃችንም መቅደሙን አያለሁ። የደነበረ ፈረስ ነገር።

ከካላባር በኋላ ባለው ሳምንት ዳንግላ ውስጥ በአንድ የፕሌይ ስቴሽን ቤት በኩል ሳልፍ ሁለት ልጆች ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። አንደኛው በዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያን ፈልጎ አጣ። ተበሳጭቶ አረንጓዴ መለያ ያለው ቡድን መረጠ። ናይጄሪያን! ጓደኛው ሣቀበት፤ እርሱ ግን ቀለሟን ብቻ ነው የወሰድኩት አለ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ለመጻፍም አያስደስትም። በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተራ በተራ ተሸነፍን። አንድም ጎል አላገባንም። ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በሩን የከፈተው ሰው በዚያው በር ወጣ።

በጥር 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ካሜሩን ላይ እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ ቀረቡ። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአዘጋጇ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ማታውኑ ለአጎቴ ስልክ ደወልኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ውጤቱን ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

«ነጥቡ ስንት ሆነ?»

«አንድ።»

«ያን ጊዜስ ስንት ነበር?»

«አንድ። በሰባ አራቱም አንድ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከጀርባቸው ፈረስ ሲያናፋ ይሰማኛል።

«በረኛው በረኛ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ። በረኛ ነበር።»

«እንግዲያው ተሽሏችኋል» ብለው ስልኩን ለልጃቸው ሰጡ።