ክራሯ የቀረላት ተዋናይት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ ኮቱን ያወልቃል። ጋቢ ያስደረበው የላይኛው ጉም ከኋላው ቀርቶ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ቀጥሎ ምሳ ቤት ይገባል። ባለፈው ክረምት እኔም እንዲሁ አድርጌ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን አንዲት ሚስት ባሏን እያየች ታለቅሳለች፤ አስተናጋጇ ሂሳብ ለመቀበል እጇን ዘርግታ ዓይኗ ግን እዚያው ነበር። ከጥግ የተቀመጡት ሾፌሮችም ዝም ብለዋል።

የሴትየዋን ገጸ ባሕርይ ሴት መጫወቷ በዚያ ቤት ማንንም አላስገረመም። እንዴትስ ያስገርማል? የአያቶቻችን መድረክ ግን እንዲህ አልነበረም። ይህ የሆነውም በጣም ሩቅ ዘመን አይደለም።

የአማርኛ ቴአትር የሚጀምረው በሰሜን ሸዋ ሰያደብር በተወለዱት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አሳዩ። በአውሬዎች ተረት ተመስሎ የቀረበው ትችት ግን ቤተ መንግሥቱን ነካ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ለጊዜው ታገደ። በኋላ በትምህርት ቤቶች፣ ከ1927 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ቀዳማዊው የሀገር ፍቅር ማኅበር በተመሠረተበት ቤት ተውኔት እንደገና ሲያብብ የሴቷን ቦታ የያዙት ወንዶች ነበሩ። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ አገሪቱን በሴት አምሳል አቁሞ ሲያናግር እንኳ ቀሚሱን የሚለብሰው፣ ሻሽ የሚያስረው፣ ድምፁን የሚያቀጥነው ወንድ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የዚያን ዘመን ቤተሰብ ማሰብ ይበቃል። በሰው ፊት ቆማ የምትዘፍን ወይም የምትናገር ሴት ስሟ «አዝማሪ» ነው፤ ቃሉ ደግሞ የሙያው ስም ብቻ ሳይሆን የስድብም ቃል ነበር። ልጁ መድረክ የወጣችበት አባት ጎረቤቱን ቀና ብሎ ለማየት ያፍራል። ለሴት ልጅ መድረክ መውጣት ሙያ መምረጥ ብቻ አልነበረም፤ ዘመዶቿንና ትዳሯን ለማጣት መቁረጥም ነበር።

አስናቀች ወርቁ ይህን ቆርጣ የወጣች ናት። በ1927 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ተወለደች፤ እናቷን በሕፃንነቷ አጥታ በአሳዳጊ እጅ አደገች። በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ መድረክ ላይ ወጣች። ዛሬ የቴአትር ታሪካችን የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት ብሎ የሚጠራት እሷን ነው። ያንን ምሽት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ተውኔቱ እስኪጀመር ስትጠብቅ፣ ከሷ በፊት በዚያ መንገድ የሄደች ሴት የለችምና አካሄዱን የምትማርበት ሰው አልነበራትም። ሴት ሆኖ በመድረክ ላይ ሴትን መጫወት እንዴት እንደሆነ ራሷ ነበረች መፈልሰፍ የነበረባት።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተመርቆ በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት አገሪቱ ለቴአትር ተብሎ የተሟላ ትልቅ አዳራሽ አገኘች። አስናቀች በዚያ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተወነች፣ ዘፈነች፣ ክራሯን ደረደረች። ከመሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር የተለዋወጠችው የግጥም ምልልስ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ግጥም የሚፈልቀው ከአፏ ላይ ነው፤ ሰሙን የያዘ ይስቃል፣ ወርቁን የያዘ ዝም ይላል።

እንግዲህ በዚያው ዘመን ውቅያኖሱን ተሻግረን እንመልከት። አሜሪካኖች «የሳሙና ኦፔራ» የሚሉት ተከታታይ ድራማ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የተጀመረ ነው፤ ስሙን ያገኘው ለቤት እመቤቶች ሳሙና የሚሸጡት ኩባንያዎች ወጪውን ስለሸፈኑለት ነው። ቀዳሚ ደራሲዋ ኢርና ፊሊፕስ የምትባል ሴት ነበረች። «ጋይዲንግ ላይት» የተሰኘው ሥራዋ በ1937 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ተጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ ያለቀውም በ2009 ነው። አስናቀች መድረክ ለመውጣት በምትጋፋበት ዘመን ማለት ነው እዚያ ተዋናዮች ከአድማጭ ጆሮ ወደ ተመልካች ዓይን የተሻገሩት።

ከሳሙና ኦፔራ ተዋናዮች ሁለቱን ላንሳ። ሄለን ዋግነር በሚያዝያ 1956 እ.ኤ.አ. «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ሲጀመር የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረች ናት፤ እስከ ሞተችበት እስከ 2010 ድረስ ያችኑ ናንሲ ሂዩዝ የተባለች ሴት ስትጫወት ኖረች። ከ50 ዓመት በላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ መኖር! ሚስት ሆና ገብታ አያት ሆና ወጣች፤ ተመልካቿም አብሯት አረጀ። ሱዛን ሉቺ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ «ኦል ማይ ችልድረን» ላይ ኤሪካ ኬን ሆና ተጫወተች፤ ለሽልማት 18 ጊዜ ታጭታ ባዶ እጇን ተመልሳ በ19ኛው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. አገኘችው።

እነዚያን ሴቶች ባደንቅም የሚያንገበግበኝ የራሳችን ነገር ነው። እርግጥ አሜሪካኖችም ብዙ የድሮ ቴፖቻቸውን አጥፍተዋል። ሆኖም የሄለን ዋግነርን ፊት በየዕድሜዋ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያየው ያገኛል። የእኛ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲጀምር አስናቀች ከአሥር ዓመት በላይ መድረክ ላይ ነበረች፤ ያኔም ቢሆን ቴአትር ቤት ገብቶ ተቀምጦ የሚታይ እንጂ በፊልም ተቀድቶ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ አልነበረም። መጋረጃው ሲዘጋ ትወናው አብሮ ሄደ። የቀረልን ክራሯ ነው፤ ሸክላ ላይ ተቀርጿልና። በ2003 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ የሚያሳትማቸው የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች 16ኛው ለእሷ ብቻ ሲሰጥ ርዕሱ «ባለክራሯ እመቤት» የሚል ነበር። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። የመጀመሪያዋን ተዋናይት ዓለም የሚያውቃት በሁለተኛው ሙያዋ ነው።

የይፋት ገጠር ደግሞ ከመድረክም ከቴሌቪዥንም ሩቅ ነበር፤ እኛ ያደግነው በጆሮ ነው። ታላላቆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ይሰሙ እንደነበር ሲነግሩን የበዛብህን ሞት ትናንት ከቀበሩት ዘመድ አይለዩትም ነበር። የእኔ ዘመን ድርሻ «የቀን ቅኝት» ሆነ። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል የቀረበ የሬዲዮ ድራማ ሲሆን የአሠራሩን ዘዴ የቀየሰው ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ ቴሌቪዥን አዘጋጅ ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ምክር ከመስጠት ይልቅ የሰውን ኑሮ እየተከተለ ይተርካል። በሰፈራችን እናቶች ማሽላ እያበጠሩ ያዳምጡ ነበር፤ በድራማው የተለያዩትን ባልና ሚስት ጉዳይ በማግሥቱ ውኃ ሲቀዱ ይፈርዱበታል። ከዚያ ሬዲዮ የሚወጣ የሴት ድምፅ «አዝማሪ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «ምስኪን» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ፈጠነ። በአዳነች ወልደ ገብርኤል የተጻፈው «ገመና» ሰውን በቴሌቪዥን ፊት ሰበሰበ፤ «ሰው ለሰው» ረቡዕ ማታን የራሱ አደረገ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የቱርክ ሴቶች በአዲስ አበባ ልጆች ድምፅ በአማርኛ አለቀሱ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ለሥራቸው ሰግተው ተቃውመው ነበር፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ፊቷ ሳይታይ ድምፅዋን ብቻ የምትሰጠውን ወጣት ተዋናይት ስሰማ ግን የአስናቀች ዕጣ በሌላ መልኩ የተመለሰ ይመስለኛል።

አስናቀች ወርቁ በመስከረም 2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፈች። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ «ኦል ማይ ችልድረን» ከ41 ዓመት በኋላ በኤቢሲ ጣቢያ መተላለፉን አቆመ፤ ሱዛን ሉቺም ከኤሪካ ኬን ተለየች። ራሔል ሳሙኤል ስለ አስናቀች የሠራችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባለታሪኳ አልነበረችም።

ሸዋ ሮቢት፣ ምሳ ቤቱ ውስጥ ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር አስተናጋጇ መልስ አመጣችልኝ።

«እህቴ፣ አስናቀች ወርቁን ታውቂያታለሽ?» አልኳት።

«ክራር የምትጫወተዋን? እናቴ ካሴቷ ነበራት።»

«ተዋናይም ነበረች እኮ። ከሴት የመጀመሪያዋ።»

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«እንዴ! በምን ድራማ ላይ?»

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ።