የቀንጢቻ ድንጋይ፣ የምናለሽ ተራ መዶሻ

ስለ ሊቲየም ሲነሣ ክርክራችን ከጉድጓዱ አፍ አይርቅም። ጉጂ ውስጥ የሚገኘው ቀንጢቻ ለረጅም ዘመን በታንታለሙ ይታወቅ ነበር፤ አሁን ስሙ የሚጠራው በሊቲየሙ ነው። ማን ይቆፍር፣ ነዋሪው ምን ያግኝ፣ ውኃው ምን ይሁን እየተባለ ይጠየቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያው ጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ ነዋሪው ጤናችን ተጎዳ ብሎ አደባባይ በመውጣቱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታግዶ ነበርና ሥጋቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዳሩ ግን ማዕድን ከመሬት በመውጣት ነገሩ አያበቃም፤ አገልግሎ የሚወድቅበትም ቦታ አለው። እኛ አገር ያ ቦታ ለብረታ ብረት ከሆነ መርካቶ ነው፣ ያውም ምናለሽ ተራ። ስለ ሊቲየም የሚከራከር ሰው የዚህን ተራ ታሪክ ሳያይ ክርክሩን ግማሽ ላይ ይተወዋል ባይ ነኝ።

መርካቶ ዛሬ ባለችበት የተተከለችው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ነው። ሐሳቡ ነጩን ከአገሬው ለመለየት ነበር። ወራሪው ሲወጣ ስሙና ገበያው ቀሩ፤ ተራዎቹን ያበጀው ግን ነጋዴው ራሱ ነው። ምናለሽ ተራ ስሙን ያገኘው ገዢው በየደጁ እየዞረ እመቤቲቱን ከሚጠይቃት ጥያቄ ነው ይባላል፤ የዚሁ ዟሪ ገዢ መጠሪያ «ቆራሌ»ም ቆርቆሮ ከሚጠይቀው ጥሪው የመጣ ነው ይባላል። የቆራሌው ጆንያ ተራው ላይ ሲራገፍ የዘይት ጣሳ፣ የዛገ ምጣድ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ይፈስሳል። በርሜል ከመጣ ክዳኑና ቂጡ በመሮ ይቆረጣል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እስኪዘረጋ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ከዚያው በርሜል የከሰል ምድጃ፣ የምጣድ ክዳን፣ አሸንዳ ይወጣል፤ ከአሮጌ ጎማ ደግሞ በረባሶ። ከሰል ቆጣቢው «ላቀች» ምድጃ ሸክላው ላይ የሚደርበው ቆርቆሮም የእንዲህ ዓይነት እጅ ሥራ ነው። ዛሬ «መልሶ መጠቀም» ተብሎ ለጉባኤ የሚበቃ ስም የወጣለት ነገር እዚህ እንጀራ ሆኖ ኖሯል።

ታዲያ ይህ ሥራ ለምን ከቁም ነገር አይቆጠርም? አንዱ ምክንያት የቆየ ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ እያሉ መስደብ እንዲቀር ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደነበረው ያሳያል። ሌላው ወረቀት ነው፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፣ የቆራሌው ጆንያ ግን ደንብ አንብቦ አይሞላም።

«ሊቲየም ቆርቆሮ አይደለም» የሚለኝ ትክክል ነው። የሊቲየም ባትሪ በመዶሻ ቢመታ ሊነድድ ይችላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። «አሮጌ ባትሪ የዓለምን ፍላጎት አይሞላም፣ መቆፈር ግድ ነው» የሚለውም ትክክል ነው፤ ቀንጢቻ ይዘጋ አላልኩም። ነገር ግን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር፣ የባትሪው ሰዓትም አብሮ መቁጠር ጀምሯል። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ያኔ የገባው የኤሌክትሪክ መኪና ዋስትናው 2024 ዓ.ም. ላይ ያልቃል። አደጋ አለው ብሎ ቆራሌውን መከልከል ባትሪውን ከተራው አያርቀውም፤ ውስጡ መዳብና አሉሚኒየም እስካለ ድረስ ሌሊትም ቢሆን ይመጣል። የሚያስፈራኝ እንዲያውም የሚፈለገው ተለቅሞ የሚተርፈው ነው። ከቻይና በሚመጡት ብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ውድ የሆኑት ኮባልትና ኒኬል የሉበትም። ስለዚህ መዳቡ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ዱቄት ገንዘብ ሰጥቶ የሚወስድ ካልተገኘ የሚጣለው ወደ ቆሼ ነው፣ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ወደ ቀበረው ክምር። ስለዚህ የቀንጢቻ ውል ሲጻፍ ከማዕድኑ ገቢ ላይ ለምናለሽ ተራ አንድ መስመር መጨመር አለበት፦ ሳይከፈትና ሳይሰበር ለመጣ ባትሪ፣ ከመዳቡ ዋጋ በላይ፣ እዚያው ሚዛኑ ላይ በእጅ የሚከፈል ብር።