የጥንት ሥዕል በስጦታ፦ ምን ይሰጣል? ምን አይሰጥም?

አዲሱን ቢሮዬን የከፈትኩ ዕለት የወንድሜ ልጅ በመስተዋት የተለበጠ ስጦታ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ለግድግዳህ ይሆናል» አለኝ። ሳየው ከብራና መጽሐፍ የተቆረጠ ገጽ ነው። ጽሑፉ ከዓረፍተ ነገር መካከል ይጀምርና ሳያልቅ ይቆማል፤ ጠርዙ ላይ የምላጭ ምልክት አለ። ልጁ በቅንነት ከሱቅ ገዝቶታል። እኔ ግን የአምደወርቅ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲነበብ እየሰማሁ አድጌ ልሰቅለው አልቻልኩም። አብረን ሄደን ለቅርስ ባለሙያዎች አስረከብነው። ልጁም «ታዲያ ምን ላምጣልህ?» አለኝ። መልሴ ይኸውላችሁ። (ከአዋጁ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለስጦታ የሚሆነው በብዙ ቅጂ የታተመው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአምስተርዳሙ ብላው ያሳተመው ካርታ ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ በታች ርቃ እንድትዘልቅ አድርጎ ያሳያል። ስህተቱ ራሱ ታሪክ ነው። ያንን ምስል ያረመው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ የእኛው አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩት ሰው ነው። የእሳቸውም ምስል ተቀርጾ በ1691 በታተመው የሉዶልፍ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ሄንሪ ሶልት በ1809 ያሳተመው የአክሱም ሐውልት ሥዕልም አለ። አቅም ለሚያንሰው ደግሞ የለንደኑ ሥዕላዊ ጋዜጣ በ1868 የመቅደላን ዘመቻ እየተከተለ ያወጣቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሉ። ምን እንደታተመ ለማወቅ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሊላ ኢንግራምስ በ1988 ያወጡት «ኢትዮጵያ ኢንግሬቭድ» የተባለው መጽሐፍ ከ1681 እስከ 1900 ያሉትን ይዘረዝራል።

ሲገዙ በማጉያ መነጽር ይዩ። በእኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ የዘመናችን ቅጂ ነው። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ከሆነና ጠርዙ ካልተከረከመ፣ ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጎድጎድ ያለ መስመር በዙሪያው ይታያል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከኅትመቱ በኋላ በእጅ የተጨመረ ስለሆነ ሻጩን ይጠይቁ። ሲያስለብጡ ሙጫ አያስነኩት፤ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ከጀርባው የሥዕሉን ስም፣ ዓመቱንና የተገዛበትን ቦታ በወረቀት ጽፈው ያኑሩ። ስጦታውን ስጦታ የሚያደርገው ይህ ነው።

እርግጥ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከመጻሕፍት የተገነጠሉ ናቸው። ሆኖም የታተመ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ አለው፤ ብራና ግን በእጅ የተጻፈ ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይተካም። አንድ ቅጠል በወጣ ቁጥር የአንድ ደብር ንባብ ይጎድላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ይሁንና በአገር ውስጥ ገዢ እስካለ ድረስ ምላጩ ሥራ አይፈታም። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ የተማረው ሰው ነው።

የ1868ቱ የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲወርድ መንገዱ አምደወርቅን አልነካም። ስለዚህ የትውልድ ቦታዬን በዚያ ጋዜጣ አልፈልግም። የወንድሜ ልጅ በመጨረሻ ያመጣልኝ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል ነው። የመጣበት ዓመትና ቦታ ከጀርባው ተጽፏል፤ ለሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ ሳላፍር አዙሬ አሳየዋለሁ።