መዝሙሩ የማን ነው?

በመዘምራን ኅብረታችሁ አንድ መዝሙር ሲወደድ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ግጥሙ በፎቶኮፒ ይባዛል፣ በስልክ ይቀረጻል፣ ብዙም ሳይቆይ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። የደራሲውን ስም የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። “ለጌታ ክብር እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?” እንባባላለን። ይህ አስተሳሰብ ከአርባ ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ አንዲትን ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አቁሟታል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቅዳሴ በየሕዝቡ ቋንቋ እንዲካሄድ ሲፈቅድ፣ የአሜሪካ ካቶሊኮች በእንግሊዝኛ የተጻፉ አዳዲስ መዝሙሮች አስፈለጓቸው። የመዝሙር ደራሲው ዴኒስ ፊትዝፓትሪክ ኤፍ ኢ ኤል የተባለ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ ይህን ፍላጎት ለማሟላት ተነሣ። ብዙ ቁምስናዎች ግን መጽሐፉን በመግዛት ፋንታ መዝሙሮቹን ራሳቸው እያባዙ ለምእመናን አደሉ። ድርጅቱ በዓመት 100 ዶላር ለሚከፍል ቁምስና የማባዛት ፈቃድ ቢያቀርብም ማባዛቱ አልቆመም። በ1976 ድርጅቱ የቺካጎን ሀገረ ስብከት ከሰሰ። በ1984 ዳኞች ሀገረ ስብከቱ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑ። በ1985 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የገንዘቡን አብዛኛውን ክፍል ሻረው፤ ወሬው ግን ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አስደንግጦ ነበር።

ከድንጋጤው መልካም ነገር ወጣ። በፖርትላንድ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ አገልጋይ የነበረው ሃዋርድ ራቺንስኪ አንድ መላ ዘየደ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ምእመናኗ ብዛት በዓመት አንድ ጊዜ ትከፍላለች፤ የብዙ ደራሲያንን መዝሙሮች ለጉባኤዋ ታባዛለች፤ ገንዘቡም ለባለመብቶቹ ይከፋፈላል። ዛሬ ሲ ሲ ኤል አይ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት በዚህ መንገድ በ1988 ተመሠረተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ሕግ በአምልኮ ሰዓት፣ በአምልኮ ስፍራ መንፈሳዊ መዝሙር መዘመርን አይከለክልም። የቺካጎው ክርክር የተነሣው መዝሙሮቹን በማባዛት ነው። መዘመር፣ ማባዛት፣ ቀርጾ ማሰራጨት በሕግ ፊት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ አቀናብሮ የመለወጥና ለሕዝብ የማቅረብ መብትን ለደራሲው ሰጠ። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲጣመምም የመቃወም መብት አለው።

እንግዲህ የሌላ ሰው መዝሙር ስትቀርጹ ወይም ዜማውን ይዛችሁ ግጥሙን ስትለውጡ አስቀድማችሁ ደራሲውን ፈልጉና ፈቃዱን ጠይቁ። ሲፈቅድላችሁ ስሙን በጉልህ ጻፉ፤ ክፍያ ካለም ከፋፍላችሁ አዋጡ። ስምንተኛው ትእዛዝ ለኳየር ተብሎ አልተነሣም። መዝሙሩ የተዘመረው ለጌታ ነው፤ ሌሊቱን ነቅቶ የጻፈው ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጆች የሚያሳድግ ወንድም ወይም እኅት ነው።