የጦር ካሚዮን፣ የበረዶ መጥረጊያና የጭላሎ ትራክተር

አንባቢ ሆይ፤ ከአሰላ ከተማ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጭላሎ ተራራ ከፊቱ ጎልቶ ይታያል። ውርጭና የበረዶ ጠጠር ጫፉን አንዳንድ ጊዜ ያነጡታል፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ወዲያው ይቀልጣል። ስለዚህ የአርሲ ሰው በረዶን ከመንገድ የሚጠርግ መኪና አስፈልጎት አያውቅም። ይሁን እንጂ በዚያ መኪና ላይ ያለው ጥበብ በሌላ መልክ አርሲ ደርሶ የብዙ ሰውን ኑሮ ስለ ለወጠ፣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1937 ዓ.ም. ሲፈጸም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሠራዊት የተሠሩ እጅግ ብዙ ካሚዮኖች ያለ ሥራ ቀሩ። ሻንሲያቸው ጠንካራ፣ የፊት እግራቸውም ጭምር በሞተር የሚዞር ስለ ነበረ፣ በበረዶ አገር የመንገድ ሠራተኞች ብዙዎቹን ለጠረጋ አዋሉአቸው። ጠራጊው ብረት የሚታሰረው በሻንሲው ላይ ነው፤ በፊት መከላከያው ላይ ብቻ ቢታሰር ግን ግጭቱን አይችለውም። ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ታጥፎ እንዲመለስም ብርቱ ሞላ ይደረግለታል። የፊት ባሌስትራውም ክብደቱን እንዲሸከም መጠናከር አለበት።

ከባዱን ብረት የሚያነሣው የዘይት ግፊት ነው፤ ይህም ሃይድሮሊክ ይባላል። መሠረቱን በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጸው ፈረንሳዊው ፓስካል ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀንስ በየአቅጣጫው ይደርሳል። ስለዚህ ስፋቱ ዐሥር እጥፍ የሆነ ፒስቶን ዐሥር እጥፍ ኀይል ያገኛል። ሞተሩ ፖምፓውን ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል፤ ሹፌሩም ከመቀመጫው ሳይነሣ በአንዲት እጀታ ብረቱን ያነሣል፣ ያወርዳል።

በአገራችንም የጦር ካሚዮን ለሰላም ሥራ መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። ከኢጣልያ ጦር ጋር የመጣው ፊያት 634፣ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው፣ አገር ነጻ ከወጣች በኋላ የነጋዴ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ለብዙ ዘመን አገልግሎአል። መንገዱ ግን በክረምት ጭቃ ይበላሽ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ።

በአርሲ ግን የዘይት ግፊት ታላቁን ለውጥ ያመጣው በእርሻው ላይ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ሰው ማረሻን ከትራክተር ጋር እንደ አንድ አካል አያይዞ በዘይት ግፊት የሚያነሣበትን ዘዴ ፈጥሮ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ትራክተሩን ለገበያ አቀረበ። ይህ ዘዴ በኋላ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያና ራሷ የበረዶ አገር የሆነችው ስዊድን ተስማምተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን በአሰላ አቋቋሙ። ዓላማው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር በመስጠት ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ድርጅቱ በበሬ የሚጎተቱ የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችንም ይመረምር ነበር። ዳሩ ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑ ሲታወቅና ለእርሻ መኪና የቀረጥ ነጻነት ሲገኝ፣ ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስመጥተው ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። በአባቱ ቀዬ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የኖረው ሰው፣ ልጆቹንና ከብቱን ይዞ መንገድ ገባ።

ጥፋቱን በትራክተሩ ላይ ማሳበብ ይቻላልን? አይቻልም። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚወስን ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ለሞተሩ ማረሻ ሲገጠምለት፣ ለጭሰኛው ግን መከላከያ ሕግ አልቆመለትም። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ቀድሞ ለተባረረው ግን ዘግይቶአል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ መኪና የሚሠራው እንደ ተገጠመለት መሣሪያና እንደ ያዘው እጅ ነው። ለጦርነት የተሠራው ካሚዮን መንገድ ከፍቶ ሐኪምን ከበሽተኛ አገናኘ፤ እንጀራ ለማብዛት የተሠራው ትራክተር ደግሞ ገበሬውን ከእርሻው አራቀ። ዛሬም አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ፣ ስለ ጉልበቱ ከመጠየቃችን በፊት በመንገዱ ላይ ማን እንደሚኖር እንጠይቅ።